እሳት ሲጠፋ ብቻ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ ዕድሜዬ ስለገፋ አንዳንዱን አዛብቼው ይሆናል። ክረምት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዓመቱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያኔ መካኒሳ ገና እርሻ ነበር። እናቴ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ረመጡን አመድ ማልበስ ስለምትረሳ፣ ሲመሽ ምድጃችን ቀዝቅዞ እናገኘዋለን፤ እኔም የተሰበረ ገል ይዤ ከጎረቤታችን ከጋሽ ቶላ ቤት እሳት ልጭር እላካለሁ። ጋሽ ቶላ ገበሬ ነበሩ። ጢስ በሞላው ቤታቸው፣ ኩራዙ አጠገብ ተቀምጠው ገና ከበር ሲያዩኝ፣ «መጣ ደንበኛችን! እናትህ ምድጃውን ውሃ ታጠጣዋለች እንዴ?» ይሉኛል።

አንድ ምሽት ግን ፍሙን ይዤ ልሮጥ ስል አስቀመጡኝና ተረት ነገሩኝ። አንድ ሰው ነበር፤ እሳት ሲጠፋበት ልጆቹን ጎረቤት ይልካል እንጂ ራሱ የጎረቤቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ትንሹ ልጁ ታመመበት፤ በብርድ ተንቀጠቀጠ። የምድጃው እሳት ጠፍቷል። ሰውየው ራሱ ሮጦ ሄደ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ውሾቹ ተነሡበት። ሊጣራ አፉን ቢከፍት የጎረቤቱን ስም አያውቀውም።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ቆመ። ጎረቤትየው በሩን አልዘጋበትም፤ እሱ ግን ማን ብሎ ይጣራ? የእግዜርንም ቤት እሳትህ ሳይጠፋ ልመደው፣ ልጄ።»

ልጁ ዳነ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ፣ ፍሜ እንዳይከስም ሮጥኩ። ጋሽ ቶላ ከሞቱ ቆዩ፤ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ዛሬ በየጠዋቱ ብስራተ ገብርኤል ቅጥሩ ሥር እቆማለሁ። በደህናው ዘመን ከታክሲ መስኮት አማትቤ የማልፈው ደጅ ነው። አሁን ቆሜም ቃል ይጠፋኛል፤ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። አንድ ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የሄደበት መንገድ ተዘግቷል ይላሉ፤ ስልኩም አይጠራም።

መጨረሻ የደወለልኝ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ልነሣ ነው፤ ጸልይልኝ» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ምን ሆንክና ነው የምጸልይልህ?»

ሳቀብኝ። «እስክሆን ልትጠብቅ ነው እንዴ አባዬ?» አለና ሞተሩን ሲያስነሣ ሰማሁት። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ምንም አልሰማሁም።