ለብራዚሉ የተሰጠ ቡድን

እዚህ የሚጠይቀኝ ስለሌለ፣ ከመሰደዴ በፊት ማን እንደነበርኩ ራሴ ልናገር። ጉልበቴ እስኪከዳኝ በግራ ክንፍ ተጫውቻለሁ፤ ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ። ያስተማረኝ የለም፤ በዓይኔና በጭንቅላቴ የተማርኩ ነኝ። በሰፈራችን «ጋሽ ታደሰ ሲያፏጭ ውሻ እንኳ ይሰለፋል» ይባል ነበር። የሄድኩ ሌሊት ተጫዋቾቼ በሚኒባስ ታጭቀው ቦሌ ድረስ ሸኙኝ። «ጋሼ፣ ስዊድንን አሰልጥነው ይመለሱ!» አሉኝ። አልቀለዱም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ወደ ስቶክሆልም ያስመጣችኝ ልጄ ሰላማዊት ናት፤ አካላ በሚባል ሰፈር፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ከሚያልቅበት አጠገብ ትኖራለች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገና መግባቱ ነበር። ኅዳር ላይ፣ እኛ አገር ልምምድ በሚጀመርበት በዘጠኝ ሰዓት፣ እዚህ ይጨልማል። ዓሣ በስኳር ይበላሉ። ጎረቤት ሊፍት ውስጥ ሲያገኝህ ጫማውን ያያል።

ከሕንጻው ጀርባ ግን ሜዳ አለ። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ኩርዱ የተቀላቀለበት ቡድን ይለማመድበታል። መጀመሪያ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁ፤ አላስችል ሲለኝ ገብቼ አስተካከልኳቸው። ከመጨረሻ ተርታ የነበረ ቡድን በዓመቱ ወደ ላይኛው ምድብ ወጣ። አብሮኝ የሚያሠራቸው ቫልዲር የሚባል ብራዚላዊ ነበር፤ በአገሩ ትንሽ ክለብ ተከላካይ የነበረ፣ በፖርቱጋል አድርጎ ሰሜን ስዊድን የመጣ፣ እዚያ በረዶ ላይ ጉልበቱ ተሰብሮ እዚህ ስቶክሆልም፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሰፈር ትምህርት ቤት ሲያጸዳ የከረመ።

አንድ ቀን የክለቡ ሊቀመንበር ቢርጊታ ጠራችኝ። በልጄ ዕድሜ ሆና «አንተ» ትለኛለች።

«ዋናው ትሬናሬ፣ አሰልጣኙ፣ አንተ እንድትሆን እንፈልጋለን። ትፈልጋለህ?»

ደሜ ሞቀ። ግን ትልቅ ሰው ሹመት ተሻምቶ አይቀበልም። «ኧረ የለም፣ ለሌላ ይሁን፤ ቫልዲርም አለ» አልኩና፣ እስክትለምነኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ያሳዝናል» አለች። «ግን ውሳኔህን እናከብራለን። ቡና ትጠጣለህ?»

«የለም፣ አትቸገሪ።»

እሱንም አልደገመችም።

ሰላማዊት ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አባዬ! እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው!»

«ታዲያ እንደ ስስታም ወዲያው እሺ ይባላል?»

ቫልዲር ወዲያው እሺ አለ። ብራዚላዊ ነውና የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሳምባ ኳስ ሊያይ መጣ። እሱ ለእኔ ብቻ፣ «ጋሼ፣ በሕይወቴ አንድ ሰው አታልዬ አልፌ አላውቅም። ሥራዬ ሰው መጣል ነበር» አለኝ። ጋሼ ማለትን ከልጆቹ ለምዷል። ደግሞ ጠየቀኝ፦

«ለምን እንቢ አልክ?»

«እንቢ አላልኩም!»

«ታዲያ ምን አልክ?»

ኳሶቹን ወደ መረቡ መልቀም ጀመርኩ።

እኔ የቀየስኩትን አሰላለፍ እሱ እየጠራ፣ እኔ ኳስ በመረብ እየተሸከምኩ ምክትል ሆኜ ሠራሁ። ሲያሸንፉ ፎቶ የሚነሣው እሱ ነበር። በመጨረሻ ፖርቱጋል ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሆነ። ቢርጊታ ደወለች።

«ታደሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር...»

«እሺ! እሆናለሁ!» አልኩ፣ ሳትጨርስ።

«ምን ትሆናለህ? የቫልዲርን መሸኛ ኬክ ታመጣለህ ወይ ልልህ ነው።»

አመጣሁ። ቡድኑን የአሰልጣኝነት ወረቀት ለያዘ ጎረምሳ ስዊድናዊ ሰጡት።

እንግዲህ ያደረግሁትን እወቁልኝ። ተረስቶ የነበረ ቡድን ወደ ላይ አወጣሁ። አንድ የሶማሌ ልጅ በግራ እግሩ ማሻማት አስተማርኩ፤ ዛሬ ትልቅ ክለብ ይጫወታል። ስዊድንኛን ያለ መምህር፣ ከቴሌቪዥን ኳስ ዘጋቢ ተማርኩ። ብራዚል ኳስ ሲያስተምር አጠገቡ ቆሜ አረምኩት። ቢርጊታን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ማስጠየቅ አልቻልኩም። ለተጠየቅሁት ሁሉ ወዲያው «እሺ» ማለትንም በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። አሁን የሚጠይቅ ጠፋ።