ወደ ግንቡ

ልጄ፣ ጠዋት የለቅሶ ነጠላዬን ሳጥፍ ነበር። አብሮ አደጌ ዘነቡ አቦከር ባሏ ሞቶባታል። ባጃጁ ደግሞ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ከለቅሶዋ ብቀር ምን ትለኛለች እያልኩ ቁጭ ብድግ ስል ቆየሁና በእግሬ ወጣሁ።

ጀጎል ግንብ ስር ስደርስ ከኋላዬ ባጃጅ ክላክስ አደረገ። የቤንዚኑ ሽታ እናቴን አመጣብኝ። ልጅ ሆኜ የአክስቴ ለቅሶ ስንሄድ፣ ፔጆ ታክሲ ጎረቤቶቻችንን ጭኖ እዚሁ ጋ መጣ። እናቴ እጄን ጎትታ ወደ ግንቡ አዞረችኝ።

«ዝም በይ! ካዩን ግቡ ይሉናል። በምናችን እንከፍላለን?»

ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ግንባሬን ሲያቃጥለኝ አሁንም ይሰማኛል፣ ልጄ።

ለቅሶ ቤት ጎረቤቴ አልማዝ አጠገቤ ተቀመጠችና በጆሮዬ፣ «እማማ፣ ከባጃጁ ውስጥ ስጠራዎት ምነው ወደ ግንቡ ዞሩብኝ?» አለችኝ።