ባና የረገጥንበት ሙሾ

ለቅሶ ቤት ስሄድ ቆሜ አላለቅስም። ገና ከበር ስገባ ዓይኔ መቀመጫ ይፈልጋል። ሰዉ «ጉልበቱን አሞት ነው» እያለ ያዝንልኛል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ቦታውን ይለቅልኛል። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ግን ደህና ነው። የማላምነው እግሬን ነው። ነገሩን ልጆቼ ያውቁታል። የልጅ ልጆቼ ግን ስነግራቸው «አባባ፣ ይሄ እንኳን ፈጠራ ነው» እያሉ አስቸገሩኝ። ትምህርቴ ከዳዊት ባያልፍም፣ እስቲ እንደ ሆነው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሃምሳዎቹ ሲገቡ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ባና ረጋጭ ነበርኩ። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ከሸማኔው እጅ ሲወርድ ወንፊት ማለት ነው፤ ብርዱ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ በሰፊ የእንጨት ገንዳ ይዘፈዘፍና፣ ሙቅ ውኃ እየተጨመረበት፣ ጠጉሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ በእግር ይረገጣል። በተረገጠ ቁጥር ይወፍራል፣ ይጠባልም። ልኩ ላይ ሲደርስ ማቆም ነው ጥበቡ። ልኩን ካለፈ ግን አለፈ ነው፤ ባና እንደ ሰው ተለምኖ አይመለስም።

አምስት ሆነን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ነበር የምንረግጠው። ታላቃችንን ጋሼ እንለው ነበር። ጆሮው ከበድ ያለ ነው፤ ድምፁ ግን ንፋስ ካገዘው እስከ ጫጫ ከተማ ይደርሳል። ገንዳው ሲቀዘቅዝ «ውኃ ጨምሩ!» ብሎ የሚያዝዘው እሱ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ውኃው ከምድጃ ተነሥቶ ገንዳ እስኪደርስ ሙቀቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ጋሼ አፉን ገጥሞ አያውቅም።

ረገጣ ያለ ዜማ አይሆንም። እግር ካልገጠመ አንዱ የሌላውን ጣት ይጨፈልቃል። የአውድማ ዘፈን ሞከርን፤ ፈጠነብንና ሳንጋመስ ትንፋሽ አጠረን። ፉከራ ሞከርን፤ ጋሼ ወኔው መጣና ሲዘል የገንዳውን ውኃ እኩሌታ ሸማኔው ላይ ደፋው። መዝሙር ይሻለናል ብለን ስንጀምር የሰፈራችን ቄስ በደጅ አለፉ። ቆም አሉና ወደ ገንዳው አይተው፣ «በእግር?» አሉ። መዝሙሩንም በዚያው ተውነው።

እንዲህ ሳለን ጎረቤት ሰው ሞተና ለቅሶ ሄድኩ። ከአንኮበር ወዲህ፣ ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ መንደር አንዲት ሙሾ አውራጅ መጥተው ነበር። እሜቴ ነበር የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ለማንም ሬሳ ቢጠሩ ግን የሚጀምሩት ለባላቸው ባወጡት ሙሾ ነው፦

በሬው ተጠምዶልህ ቆሟል ከደጃፉ፣
ማን ያንሣልህ ጌታው መሬት ነው ጅራፉ።

ሰዉ ሁሉ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እግሬ ይቆጥር ነበር። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ከዚያ እሜቴ ሲቃቸውን የሚውጡባት አጭር ዕረፍት። ለረገጣ ተለክቶ የተሠራ ዜማ!

በማግሥቱ ገንዳው ላይ ሆኜ አንጎራጎርኩት። አምስታችንም ገጠምን፤ አንድ ጣት እንኳ አልተረገጠም። የሲቃዋ ዕረፍት ላይ ስንደርስ ደግሞ ጋሼ «ውኃ ጨምሩ!» ይላል፤ ልክ ገባ። እያለቀሱ መርገጥ ግን አይቻልምና ቃሉን ለወጥነው። የመጀመሪያው ግጥም የኔ ነበር፦

እግሬ ቀዘቀዘ ባና ደርቡልኝ፣
ብቻዬን አልችልም ጠጋ ጠጋ በሉኝ።

ይህን እያልን እርስ በርስ እንገፋፋለን፣ እንስቃለን። ባና ላይ ቆመን ባና ስጡን ማለታችን ነው ቀልዱ።

ታዲያ እሜቴ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የፈተለችውን ሱፍ ለሸማኔው ታመጣለች። አንድ ቅዳሜ ከበሩ ላይ ቆማ ስንዘፍን ሰማችን። እኔ ደንግጬ እግሬ ቆመ፤ የቀሩት በላዬ ላይ ወደቁ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሆዷን ይዛ በሳቅ እጥፍ አለች።

«የእናቴ ሙሾ! እሷ ብትሰማችሁ እኮ በቁማችሁ ታለቅስላችኋለች!» አለች።

«አትንገሪያቸው» አልኳት።

«አልነግራትም፤ ግን አንድ ግጥም ይጎድላችኋል» አለችና፣ እዚያው ከበሩ እንደ ቆመች ሰጠችን፦

የባናው ባለቤት እሳት ዳር ተኝቷል፣
የኛማ እግራችን ዓሣ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱ ለኔ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ሱፍ ባታመጣም ሸማኔው ቤት ጉዳይ አታጣም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ራሷ ቁርጡን ነገረችኝ። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ። እናቴ ሰው አትንቅም፤ ቀልደኛ ግን አትወድም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ሰምቼ አላውቅም። ያን ዘፈን ከሰማች አለቀልን።»

እኔም ለረጋጮቹ አስጠነቀቅኳቸው። ለጋሼ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም ጆሮው።

በዐቢይ ጾም መካከል አንድ የከተማው ዳር ባላባት ሞቱ። ብዙ ባና ያሠሩን ሰው ናቸውና አምስታችንም ሄድን። በለመደው እግራችን በአንድ ረድፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። እሜቴ ከመካከል ወጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «በሬው ተጠምዶልህ» ብለው ጀመሩ።

ልቤ አዘነ። እግሬ ግን ተነሣ። ቀኝ፣ ግራ። አጠገቤ ያለውን በክርኔ ልነካው ስዞር እሱም ይረግጣል። አምስታችንም እንረግጣለን! ላቁም ብል ከግራም ከቀኝም ተያይዘናልና ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከኋላችን የቆሙት ደግሞ የሟቹ አገር ልማድ መስሏቸው ጀመሩ። ወዲያው የወንዱ ወገን በሙሉ ተያይዞ ሣሩን ይረግጠው ገባ። ይህስ ባልከፋ፤ «እንዴት ያለ ሐዘን ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እሜቴ ሲቃቸውን ወደሚውጡባት ዕረፍት ደረሱ። ሁሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው እየወረደ፣ ባለው ድምፅ ሁሉ ጮኸ።

«ውኃ ጨምሩ!»

እውነቴን ነው፣ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰው የወደቀ መስሏቸው ሴቶቹ ተሯሯጡ። አንዷ በእንስራ ውኃ ይዛ መጣችና ማን ላይ እንደምታፈስ ቸግሯት፣ ከፊት ለፊት ዝም ብሎ በሥርዓቱ ያለቅስ የነበረ የሟቹን የእህት ልጅ አለበሰችው። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት አሮጊት ጀርባዬን እያሻሹ፣ «ተው ልጄ፣ አንተም እንዳትከተላቸው» አሉኝ።

እሜቴ ግን ከመካከል ሆነው ይመለከቱኝ ነበር። እኔን፣ ከዚያ እግሬን።

ሰዉ ሲበተን በፊቴ አለፉ። «እግራችሁ ጎበዝ ነው። ከየት ለመዳችሁት?» አሉኝ።

«ከ... ከብርዱ ነው፣ እሜቴ።»

«እንዴታ» ብለው ሄዱ።

ፋሲካ እስኪያልፍ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹን ላልልክ አሰብኩ፤ ልጅቱ ግን በሌላ ሱፍ አምጪ በኩል «ከፈራህ እኔም ፈሪ አላገባም» ብላ ላከችብኝ። ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። በማግሥቱ ተመለሱ።

«ምን አሉ?»

«ተቀመጡ አላሉንም» አለ አንደኛው።

«እምቢ አሉ ማለት ነው?»

«እምቢም አላሉ። ያልተረገጠ ባና አለኝ፣ ረጋጮቹን ይዞ ራሱ ይምጣ ነው ያሉት።»

ጋሼ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። «ገንዳ ውስጥ ሊያሰጥሙን ነው።»

«ጋሼ፣ ገንዳ እኮ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።»

«ለሳቸው ይበቃቸዋል» አለ።

ያም ሆኖ ሄድን። ጭጋጉ ከገደሉ እየወጣ ግቢያቸውን ሞልቶት ነበር። ገንዳው ተቀምጧል፣ ባናው ተዘፍዝፏል፣ ልጅቱ ውኃ ጥዳለች፤ ዓይኗን ግን ከእሳቱ አላነሣችም። እሜቴ እንዝርታቸውን ይዘው ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹም ለምስክር መጥተው ነበርና አጥር ሥር ቆሙ።

«ዝፈኑ» አሉን እሜቴ።

የአውድማውን ዘፈን ጀመርን። ወዲያው የግራ ጣቴን ጋሼ ረገጠኝ።

«እሱን አይደለም። የኔን።»

ምድር አልከፈት አለችኝ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ የቀሩት ተቀበሉ። እግራችን ሲገጥም አፋችን ራሱ ለቀቀው፤ የዓሣዋ ግጥም ወጣች።

«ቆይ» አሉ እሜቴ። «ይቺን የዓሣዋን ማን ገጠማት?»

ከምድጃው በኩል ቅል ወደቀ።

«ገባኝ» አሉ። «በቤቴ ባለግጥም አሳድጌ ኖሯል። ቀጥሉ።»

«እግሬ ቀዘቀዘ» አልን፣ «ባና ደርቡልኝ...» ስንገፋፋ ዓይኔ እሜቴ ላይ ዐረፈ። እንዝርቷ ቆማለች።

«እስቲ ድገሙት።»

ደገምነው፤ የዚህን ጊዜ ግን የገፋ የለም።

እሜቴ ተቀበሉን። አንድ ቃል አልለወጡም። ያን ገንዳ ላይ ቆሜ ለሳቅ የገጠምኩትን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀስ አድርገው አወረዱት። «እግሬ ቀዘቀዘ ባና ደርቡልኝ፣ ብቻዬን አልችልም ጠጋ ጠጋ በሉኝ።» ከዚያ ዕረፍቷ ላይ ሲደርሱ ለኛ ሳይሆን ለእንዝርቷ እንደሚነግሩ ሆነው ተናገሩ።

«ለበሬው አልቅሻለሁ፣ ለጅራፉ አልቅሻለሁ። ሰው የሚሰማው እሱን ነው። የእግሩን ግን ለማንም አላልኩም። መጀመሪያ የቀዘቀዘው እግሩ ነበር። እደርባለሁ፣ እደርባለሁ፣ አይሞቅም። ጠጋ በይ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ወዴት ልጠጋ?»

መልሰውም ጀመሩት። ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሙት አላውቅም። እኛም እንረግጣለን፤ እንባችን ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ሆነው ያለቅሳሉ፤ እነሱም ሳያውቁት ይረግጣሉ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ አላለም። ልጅቱ ሳትታዘዝ፣ በእጇ ጀርባ ፊቷን እየጠረገች፣ ሙቁን ውኃ ታፈስሳለች። ልክ መድረሱን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

እሜቴ ዝም ሲሉ እግራችን ቆመ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ባናውን ሲያነሣው ፊቱ ተለወጠ። አራት ክንድ የነበረው ባና እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሮ፣ ክንድ ተኩል የማይሞላ ነገር ሆኗል። እሜቴ ተነሥተው መጡና ተቀበሉት። ደረቴ ላይ ለኩት፤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ደረሰ።

«ይሄ ለማን ይሆናል?» አሉ።

የስድስት ወር ፈትል ነው። አለቀልኝ አልኩ። ጋሼ ግን ከባድ ጆሮው ያቺን ጥያቄ ብቻ በደንብ ሰምቶለት ኖሮ፣ እንደ ልማዱ ጮኾ መለሰ።

«ለልጅ ልጅ ነዋ፣ እሜቴ!»

እሜቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ። ከትከሻቸው ጀመራቸው። ከዚያ ሳቁ። ልጅቱ ማሰሮውን አስቀምጣ እናቷን ታያለች፣ ስታያቸው እንደገና ታለቅሳለች። አንደኛው ሽማግሌ ብልህ ነበርና ጊዜ አላጠፋም፤ «እንግዲህ ባናውን ከተቀበሉ ቀሪውንም ተቀበሉን» አለ። እሜቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ መደቡ አመለከቱ።

«ተቀመጡ» አሉ።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በኅዳር ውርጭ ነው። አማቴ ልጃቸውን ለማረስ መጡ። ያን ባና ከሣጥናቸው አውጥተው ይዘው ነበር፤ ለልጁ ልኩ ነው፣ አንድ ጣት እንኳ አይተርፈው። ልጁ አልተኛ ብሎ ሲያለቅስ አቀፉት፤ እግሩን በባናው ጠቀለሉና ቀስ ብለው «እግሬ ቀዘቀዘ ባና ደርቡልኝ» ብለው ጀመሩለት። «ጠጋ ጠጋ በሉኝ» ሲሉ ወደ ደረታቸው ያስጠጉታል። የልጁ ልቅሶ እየቀነሰ ሄደ።

እኔ ከምሰሶው አጠገብ ቆሜ እመለከት ነበር። ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና አየችኝ፤ ከዚያ እግሬን አየችና በአገጯ በርጩማውን አመለከተችኝ።

ተቀመጥኩ። ልጁም ተኛ።