ሐረጎ ላይ ስለ ፓርቲ ያወሩት አባት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ... ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ለጥገና የሰጠሁትን ጄኔሬተር ላመጣ ነው። አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ አንድ አባት ተቀመጡ። ገና ሰላም ሳንባባል ሰዒድ እባላለሁ አሉኝ። ሰፈሬን ጠየቁኝ። ቧንቧ ውሃ ስላቸው «ጎረቤት ነና!» ብለው ትከሻዬን አቀፉኝ። መናኸሪያውን ሳንለቅ ተሳስቀን ተግባባን።

የሐረጎን ቁልቁለት እንደጀመርን ስልካቸው ጠራ።

«ወዓለይኩም ሰላም... አዎ ሰማሁ። መሪው መውረዱ አይቀርም ብዬሽ አልነበር?»

ጆሮዬ ቆመ።

እሳቸው እቴ! ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። «ፓርቲው ለሁለት ተከፍሏል። የሚናከሱት ለወንበሩ ነው እንጂ ለድሃው አስበው መስሎሽ ነው? አሁን ደግሞ በጡረተኛው ሊመጡ ነው...»

ፊት ለፊቴ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ነበረች፣ ማኘኳን አቆመች። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ተራራውን ማየት ጀመረ። ጋቢና የተቀመጠ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ቀስ ብሎ ዞረና አየን። እሳቸውን ብቻ አይደለም... እኔንም።

ያ ረቢ! ስንስቅ አይቶናል። አብረን የመጣን ነው የምንመስለው።

ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አይደለም እንዴ ልጄ? ሲወዳደሩ ለድሃ ያለቅሳሉ፣ ሲሾሙ ድሃውን ያስለቅሳሉ!»

«እኔ ጄኔሬተር ላመጣ ነው የምሄደው» አልኳቸው። ጮክ ብዬ... ጋቢና ድረስ እንዲሰማ።

ከኋላዬ አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ለጎናቸው ሴት ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። «ዝም በይ። ይሄ ሰውዬ ማን ምን እንደሚል ሊሰማ የተላከ ነው።»

ይሄኔ እኔም ተጠራጠርኩ። እውነትም... ሳልጠይቃቸው ስማቸውን የነገሩኝ ለምንድን ነው? ሰፈሬስ ምን ያደርግላቸዋል? ጎረቤት ከሆኑ እንዴት አንድም ቀን አላየኋቸውም?

እሳቸው ቀጥለዋል። «በቃ ዛሬውኑ ድምፅሽን ስጪ! ያ ሰውዬ ከተመረጠ የጡረታ ዕድሜሽን ገፍቶ ገፍቶ ከቀብርሽ በኋላ ነው የሚያደርግልሽ!»

ጃኬት ለባሹ ሙሉ በሙሉ ዞረ። «አባባ... የሚያወሩት ስለየት አገር ነው?»

«ስለየት ይሆናል? ስለ እንግሊዝ ነዋ!»

የሁላችንም ትንፋሽ አንድ ላይ ወጣ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህታቸው ዘምዘም እንግሊዝ አገር በፅዳት ሥራ ስትለፋ ኖራ ወገቧ ተጎድቷል። አሁን የምትኖረው መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ በሚሰጠው ድጎማ ነው። እሷ አባል የሆነችበት ፓርቲ ደግሞ መሪው ሊለቅ ስለሆነ አዲስ እየመረጠ ነው። አባላቱ በስልካቸው ድምፅ ይሰጣሉ። የሚፎካከሩት ሁለት ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሰውየው ድጎማው በዝቷል፣ ጡረታም ዘግይቶ ይሁን ይላል። ሴትዮዋ ሁለቱንም አልነካም ትላለች።

«ታዲያ ሁለቱንም አላመነቻቸውም» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «እኔን ሳታማክር የመረጠችው ባሏን ብቻ ነው... እሱም አልሆነም።»

«ኧረ ድምፁን ከፍ ያድርጉልን!» አሉ ቅድም ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ሴትዮ። ከፍ አደረጉት።

«እህቴ፣ አልነካም የምትለው ሴትዮ ከየት አምጥታ እንደምትሰጥ ተናግራለች?» ብለው እኚሁ ሴትዮ ጠየቁ።

«ከሀብታም ግብር እወስዳለሁ ትላለች» አለች ዘምዘም።

«ሀብታሙስ ዝም ብሎ ያያታል?»

ጃኬት ለባሹም ገባበት። «ሰውየውስ? ማን መሥራት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል በምን ሊለይ ነው?»

ዘምዘም መለሰች። «ለድጎማው ምርመራ ያስጠሩናል ወንድሜ። ባለፈው ጠርተውኝ ክንድሽን አንሺ አሉኝ፣ አነሳሁ። እንዴት መጣሽ አሉኝ፣ በአውቶቡስ አልኩ። ሁሉንም የሚጠይቁኝ እንደ ሌባ እያዩኝ ነው። ወላሂ... አንዳንዴ እያመመኝ ራሱ የምዋሽ ይመስለኛል።»

ባለማስቲካዋ ልጅ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ሰዒድ በኮፍያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቅድም እኚህን ሰው ስንፈራ የነበርነው ሰዎች አሁን የምናይበት ጠፋን።

«በይ ለሴትዮዋ ስጫት» አሉ ከኋላ ያሉት ሴትዮ። «ብትዋሽሽም እንኳ ሌባ ብላ አትጀምርሽም።»

«እኔም ለሴትዮዋ ነው» አለ ሹፌሩ። ረዳቱም ደገፈ። እኔም እጄን አወጣሁ። ጋሽ ሰዒድ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሰማሽ እህቴ? ቢስሚላህ በይና ምረጪ» አሏት።

ሁላችንም ወደ ስልኩ ተጠጋን...

«ቢስሚላህ... ሰጠሁ» አለች።

ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናጋ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋሽ ሰዒድ ሁላችንንም መርቀውን በባጃጅ ሄዱ።

እኔም ወደ ጄኔሬተሬ መንገድ ስጀምር አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጃኬት ለባሹ ነው።

«ቅድም አጠገብህ የነበሩት አባት... ስማቸው ማን ነው? ሰፈራቸውስ?»

አንድ እርምጃ ራቅ አልኩ። «ለምን ፈለግካቸው?»

«ምርጫውን ማን እንዳሸነፈ በኋላ ብጠይቃቸው ብዬ ነው። የእህታቸው ነገር ከአንጀቴ አልወጣ አለ... እናቴም አልጋ ላይ ናት።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አመንኩት። ወላሂ ከልቤ ነው ያመንኩት።

ስማቸውን ግን አልነገርኩትም።