ሴት በደንቡ ውስጥ የለችም

ሆሳዕና ውስጥ ሰው ፊት ቡጢ የሰነዘርኩት መጀመሪያ ቦኖ ላይ ነው። የደርግ ጊዜ ነበር፤ እኔም ገና ሁለተኛ ደረጃ የገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሚለቀቅ ከጠዋት ጀምሮ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን እንጠብቃለን። አንድ ጎረምሳ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣና የሴቶቹን ጀሪካን በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን ከፊት ያስቀምጣል። ማንም አይናገረውም። ያን ቀን ጀሪካን የገፋው አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ሞልታ ሳትጨርስ ነበር። ጀሪካኑ ተገለበጠ።

"መልሰህ ቅዳላት" አልኩት።

ሳቀና በመዳፉ ግንባሬን ገፋኝ። እንዴት እንዳደረግኩት ዛሬም አላውቅም፤ እጄ ከወገቤ ተነስቶ አገጩ ላይ አረፈ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ግራ እንደገባው ሰው ዙሪያውን ያይ ጀመር።

ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩን አንድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለጦር ክፍላቸው ይቦክሱ የነበሩ፣ እግራቸው ቆስሎ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ፣ አሁን የቀበሌያችንን ወጣቶች ስፖርት የሚያሠሩ ሰው ናቸው። ከተማው ሁሉ "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚላቸው። እያነከሱ ወደ እኔ ሲመጡ ቀበሌ ሊወስዱኝ መስሎኝ ጀሪካኔን አነሳሁ።

"እጅሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። "እግርሽን ግን እንደ ግንድ ተክለሽዋል። እሱ ቢነሳ ኖሮ የምትወድቂው አንቺ ነበርሽ።"

"እንዳይነሳ ነዋ የመታሁት!"

ሳቁ። "ነገ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ነይ። ወንዶቹን እንዳትፈሪያቸው፤ እነሱም ይፈራሉ።"

አዳራሹ የሚባለው ቤት ለእኛ ቤተሰብ አዳራሽ አልነበረም። አናጢው አባቴ ከሌሎች ምእመናን ጋር ምሰሶውን አቁሞ፣ ቆርቆሮውን መትቶ የሠራው ቤተ ክርስቲያናችን ነበር። ተዘግቶ ለቀበሌ ከተሰጠ ወዲህ አባቴ በዚያ መንገድ አያልፍም፤ ገበያ ሲሄድ እንኳ በላይኛው ሰፈር ዞሮ ነው። ጸሎት የምናደርገው በየቤቱ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። ወንዶቹ ሲያዩኝ ተጠቃቀሱ። ሃምሳ አለቃ ግን ገመድ ወርውረውልኝ "ዝለይ" አሉ፤ እስክደክም ዘለልኩ።

እራት ላይ ነገርኳቸው። ቤት ውስጥ የምናወራው በሀዲይኛ ነው፤ "ቦክስ" የሚለውን ቃል ብቻ እንዳለ ተውኩት። እናቴ እጇን ከትሪው አነሳች።

"ዛሬ ቡጢ ይሉሻል፤ ነገ ጠመንጃ ያሸክሙሻል" አለች። በዚያ ዘመን ልጁ ከቀበሌ ጋር ሲቀራረብ ያልፈራ ወላጅ አልነበረምና አልፈርድባትም።

አባቴ ግን ስለ ጠመንጃ አልተናገረም። "ወለሉን አበላሹት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አላበላሹትም፣ አባባ።"

"እሺ" አለ። ሂጂም አትሂጂም አላለኝም።

በየቀኑ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት በሞርሲቶ መንገድ እሮጣለሁ፤ ማታ ልብስ ሳጥብ እንኳ እግሬን እያፈራረቅኩ ነው። "ወንዳወንድ" አሉኝ፤ ለመድኩት። ያልለመድኩት ጆንያውን ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚመታው አንድ ጆንያ ብቻ ሲሆን የሞላውም በአሸዋ ነው፤ የጣቶቼን መገጣጠሚያ ላጠው። እናቴ እጄን አየችው። ቅዳሜ ከሰዓት እንሰት ስትፍቅ ያጠራቀመችውን ቃጫ በትልቁ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ለገበያ ያሰብኩት ነበር" አለች። "አሸዋውን ድፉትና ይሄን ክተቱበት። ድንጋይ መደብደብ ምን የሚሉት ሥራ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀበሌው ቦክሰኞች ሁሉ የእናቴን ቃጫ ነው የደበደቡት።

በዓመቱ ዱራሜ ላይ የአውራጃው ውድድር ሲደረግ በእህል ጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ሃምሳ አለቃ ስሜን ሊያስመዘግቡ ወደ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ሲጠጉ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። የስፖርት ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝና "ሴት በደንቡ ውስጥ የለችም፣ ጓድ" አላቸው።

"ሴት አትቦክስ የሚልስ አለበት?"

ኃላፊው አሰበ። "እሱም የለም።"

"እንግዲያው?"

"ትርኢት ብላችሁ አስገቧት። ነጥብ ግን አይያዝም፤ አሸናፊም አይባልም።"

ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው "አሁን ደግሞ ለፈገግታ ያህል" ብሎ አስተዋወቀን። የተሰጠኝ የዱራሜ ልጅ በክብደት የእኔ እኩያ ሲሆን ጥሩ ቦክሰኛ ነው። ደወሉ ሲመታ ግን እጁን አውርዶ ይዞረኝ ጀመር። ሕዝቡ ይስቃል።

"ምታ እንጂ!" አልኩት።

"እህቴን የምትመስይ ልጅ እንዴት ልምታ?"

"እህትህ ብሆንማ መከላከል አስተምርህ ነበር" ብዬ በግራ እጄ አፍንጫውን አገኘሁት።

ሳቁ ቆመ። ልጁ እጁን አነሳ፤ ከዚያ በኋላ የእውነት ተማታን። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ የእሱም ዓይን አበጠ። ስንጨርስ ዳኛው ሁለታችንንም ወደ ጥጋችን መልሶ ዝም አለ። ማን እንደበለጠ እኔ አውቃለሁ፤ ልጁም ያውቃል፤ ጓንቱን ሲያወልቅ "አንቺ ነሽ" ብሎኛል። ከዳኛው አፍ ግን አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ "የሆሳዕናዋ ቦክሰኛ" ተብዬ ታወቅሁ። ሀደሮ ገበያ ዳር፣ ሀቢቾ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ገመድ ተወጥሮ ቦክሻለሁ። ሴቶች የሚሸጡትን ቅቤ ለጎረቤት አደራ ብለው መጥተው ያዩኝ ነበር። አንዲት የሀቢቾ ባልቴት ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው በሀዲይኛ መርቀውኛል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ሁልጊዜም ትርኢት ነው፤ ሁልጊዜም ያለ ውጤት።

አንድ የገበያ ቀን በልምምድ ላይ ሳለን አንዲት ወጣት ሴት አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ከእኔ አጠር ትላለች፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ዱራሜ ወፍጮ ቤት ትሠራለች፤ ጆንያ ተሸክማ ነው ያደገችው። ቦክስ ያስተማራት በፖሊስነቱ ጊዜ ይቦክስ የነበረ ወንድሟ ነው። እሷ ከምባትኛ በተጫነው አማርኛዋ፣ እኔ ሀዲይኛ በተጫነው አማርኛዬ ተነጋገርን።

"ሆሳዕና ውስጥ የምትቦክስ ሴት አለች ሲሉኝ ውሸት መስሎኝ ነበር" አለች።

"ይኸው አለሁ።"

"እንግዲያው እንግጠም። ትርኢት ግን አልፈልግም። ተመትቼ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይነገረኝ ቤቴ አልገባም።"

የማልወዳት መስሎኝ ነበር። ይህን ስትል ግን ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ሃምሳ አለቃ ለስፖርት ኃላፊው ቢያመለክቱ መልሱ ያው ደንቡ ሆነ። ነገሩ የተፈታው ኃላፊው እንግዳ ሆኖ በመጣበት የቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ነው። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ድምፃቸው የጎላ ሴት ነበሩ፤ ኃላፊው ንግግሩን ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል እጃቸውን አወጡ።

"ጓድ፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ትሠራለች፣ ትዘምታለች እያልን በየሰልፉ እንጮህ የለም? ቡጢ ላይ ስንደርስ ነው ደንቡ የጠፋው?"

አዳራሹ አጨበጨበ። ኃላፊው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። "ነጥብ ይያዝ" አለ በመጨረሻ። "ለክፍለ ሀገር ግን ማንም እንዳይናገር።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የገጠምነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠላጥሏል። ጥጌ ላይ ቆሜ እናቴ ከነጠላዋ ቀድዳ በሰጠችኝ ጨርቅ ሃምሳ አለቃ እጄን ሲጠቀልሉልኝ በሩ ላይ አባቴን አየሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ጀምሮ ደጁን ረግጦ አያውቅም። ኮፍያውን አወለቀ፤ ለጸሎት ሲገባ እንደሚያደርገው። ወንበር ቢለቁለትም አልተቀመጠም። በእጁ ካቆማቸው ምሰሶዎች አንዱን ተደግፎ ቆመ። የሚጠቀለለውን እጄን ሳላስበው ሳብኩት።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ ሃምሳ አለቃ።

"አባቴ ገባ።"

ዞረው አዩት፤ ታሪኩን ያውቃሉ። "እንግዲያማ በደንብ ቦክሺ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ዙር የእኔ ነበር። ክንዴ ይረዝማል፤ በግራ እጄ አላስጠጋኋትም። በሁለተኛው ዙር ግን አቀርቅራ ገባችና ጎኔን አገኘችው። እንደዚያ የመታኝ ወንድ የለም፤ ትንፋሼ ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር ተነሳሁና ደወሉ እስኪመታ ወደ እሷ እየሄድኩ ተማታሁ።

ዳኛው የእሷን እጅ አነሳ።

አዎ፣ ተሸነፍኩ። ግን ዳኛው በአዳራሹ ፊት፣ ያለ ሳቅ፣ ያለ "ለፈገግታ ያህል"፣ ይህችኛዋ በለጠች ብሎ ፈረደ። ሁለታችንንም ቦክሰኛ አድርጎ ነው የፈረደው። ጎኔን ይዤ፣ ከንፈሬ እየደማ፣ ጥርሴ እስኪታይ ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ጭንቅላቷን ተመታች ሳይሉኝ አልቀሩም። በሕይወቴ ከኮራሁባቸው ቀኖች ያን የሚያህል የለም።

አባቴ ሰዉን እየሰነጠቀ ገመዱ ድረስ መጣ። የምጽናናበት ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።

"ግራ እጅሽን ስትሰነዝሪ ቀኙን ክንድሽን ከጎንሽ ታርቂያለሽ" አለ። "በዚያ ነው የገባችብሽ።"

"አይተኸው ነው፣ አባባ?"

"ሁሉንም አይቻለሁ" አለ፤ ቀጥሎም ለተመልካቹ ሁሉ በሚሰማ አማርኛ፣ "ልጄ ናት" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ዱራሜ ላይ መልሰን ስንገጥም ቀኝ ክንዴ ከጎኔ አልራቀም፤ በነጥብ አሸነፍኳት። ያን ቀን አባቴ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ጭነት መኪናው ላይ ነበር፤ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የተከራከሩት ስለ ሁለተኛው ዙር ነው። ከወፍጮ ቤቷ ልጅ ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተጋጥመናል፤ አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ። ስንጨርስ አብረን ቆጮ በጎመን እንበላለን፤ አንዳችን የሌላዋን እብጠት እያየን እንሳሳቃለን። አዲስ አበባ ወስዶ ያጋጠመን የለም። ከሁለታችን ሌላ ጓንት ያጠለቀች ሴት ይኖር እንደሆነም አናውቅም ነበር።

የስፖርት መምህርነት ሠልጥኜ ስመለስ የሃምሳ አለቃ እግር ብሶባቸው ነበር። ፊሽካቸውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና "ወንዶቹንም አንቺው ያዣቸው" አሉኝ። ያዝኳቸው። ሴቶቹም መጡ፤ መጀመሪያ በር ላይ ቆመው አዩ፣ ቀጥለው ገመድ ዘለሉ፣ ከዚያ ጓንት ጠየቁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ መግጠም ካቆምኩ በኋላም የሚጠሩኝ "ቦክሰኛዋ" እያሉ ነው፤ መምህርቷ የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ጊዜ፣ ከልምምድ በኋላ ልጃገረዶቹን ተከትዬ በገበያው መካከል አለፍኩ። ጓንታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እየተገፋፉና እያወሩ ይሄዳሉ። አንድ ጉራጌ ባለሱቅ የሚመዝነውን ስኳር ትቶ ከባንኮኒው ብቅ አለ።

"እናንተ ልጆች፣ እሑድ ማን ከማን ነው የሚገጥመው?"

"እኔ ከእሷ ጋር!" አለች ትንሿ።

"ማን ያሸንፋል?"

ሁለቱም እኩል "እኔ!" አሉ። ባለሱቁ ሳይስቅ የትኛዋን እንደሚደግፍ ሲያስብ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅኩት።