ጫማ በእጅ

የረጠበ ጫማ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ጂንካ ነኝ። ኔሪ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ የሚያመጣው የቅጠልና የጭቃ ሽታም ተከትሎት ይመጣል። ያኔ እህቴ ትዝ ትለኛለች። ስለ እሷ ሳወራ ትንሽ እኩራራለሁ፤ ቻሉኝ!

ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። በእኛ ሰፈር በኩል ያኔ ድልድይ የሚባል ነገር የለም፤ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ነበር የምንሻገረው። ታላቅ እህቴ ከጓደኛዋ ተለይታ ተሻግራ አታውቅም። ጓደኛዋ ከበና አገር፣ ከካኮ፣ ለትምህርት መጥታ እኛው ቤት የምትኖር ልጅ ነበረች፤ ሳቋ ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ፣ መሃል ወንዝ ላይ ደራሽ ውኃ መጣባቸው። እህቴን ሰዎች ጎትተው አወጧት። ጓደኛዋን ወንዙ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ እህቴ አላለቀሰችም፤ ወንዙ ጋም ድርሽ አላለችም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነው፣ እሷ ግን ከቤት አትወጣም። ግብርና ቢሮ ይሠራ የነበረው አባቴ "ትደነግጥብኛለች" ብሎ ካኮ ለቅሶ እንዳትሄድ ከለከላት። "የልጅቷን ስም በዚህ ቤት እንዳልሰማ! ትርሳው" አለን። እናቴ ደግሞ ጸበል ወሰደቻት። አስቡት እንግዲህ፣ ውኃ የሚያስጮኻትን ልጅ! ገና ጠብታው ሲነካት እየጮኸች ሮጠች፤ እናቴም ከኋላ ከኋላዋ። ክፋት አልነበረም፤ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ የጓደኛዋ እናት በቅል ማር ይዛ ከካኮ ለገበያ ወርዳ ወደ ቤታችን መጣች። አባቴ በር ላይ ጠብቆ "እባክሽ እህቴ፣ እንዳታስታውሻት" አላት። እሷ ግን አልፋው ገባችና እህቴ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ልጄን መጨረሻ ያየሽ አንቺ ነሽ" አለቻት፣ በዚያ ረጋ ባለ አማርኛዋ። "እኔ አላየሁም። ንገሪኝ። ምን አለች?"

እህቴም እንዲህ አለች፦

"'ጫማሽን ከፍ አድርጊው፣ ይረጥብብሻል' አለችኝ።"

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች። "አዬ! የኔ ልጅ ናት! እሷና ጫማ!" አለች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። እህቴም ጭኗ ላይ ተደፍታ እርሟን አወጣች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እህቴን ይዛ ወንዝ ትወርድ ጀመር። መጀመሪያ ከሩቅ ማየት ብቻ፤ ቆይቶ ዳር ተቀምጦ ስለ ልጅቷ እያወሩ እግር መንከር። በቀላሉ አልሆነም፤ አንዳንዴ እህቴ ከመንገድ ትመለስ ነበር። ሴትዮዋ "ይሁን፣ ቅዳሜ ሌላም አለ" ትላታለች። የፈተናው ዕለት ጠዋት እህቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተሻገረች። አባቴ ከወዲህ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ሰፈሩ እስኪሰማ እልል አልኩ።

ዛሬ እህቴ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ካንጋተን ናት፤ ወንዙ ሞልቶ ቤተሰባቸውን የወሰደባቸውን ልጆች ታማክራለች። "እርሱት" ብላቸው አታውቅም፤ "ንገሩኝ" ነው የምትላቸው። ኩራቴ ናት፣ ምን ልበላችሁ!

ጂንካ ስትመጣ ባጃጁን ኔሪ ላይ ከተሠራው አዲስ ድልድይ ወዲህ ታስቆማለች። ትወርድና ጫማዋን አውልቃ፣ በእጇ ይዛ፣ በእግሯ ትሻገራለች። ሰው ቆሞ ያያታል። ባለፈው ስትመጣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት። መሃል ስንደርስ ዞር ብላ አየችኝና "ከፍ አድርጊው እንጂ" አለችኝ።

ድልድዩ ደረቅ ነበር። ከፍ አደረግሁት።