ጓንቷን የማታወልቀው ዳቦ ሻጭ

የዳቦ ቤቱ ሙቀት ሰው ያቀልጣል፤ ሻጯ ግን ጓንቷን ፈጽሞ አታወልቅም። ደንበኞቿ "አቤት ጽዳት!" እያሉ ሲያሞግሷት አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች።

ዛሬ ዳቦ ስትጠቀልል ጓንቱ ጣቷ ላይ ተቀደደና ለምጿ ብቅ አለ። ሁልጊዜ "የኔ ልጅ" የሚሏት አሮጊት ዓይናቸው እዚያው ተተክሎ ቀረ።

"ተይው፣ ሌላ ራሴ አነሳለሁ" አሉ። የዛሬው ንግግራቸው "የኔ ልጅ" የለውም።

"እሺ፣ እማማ።"

ከመደርደሪያው ትኩስ ዳቦ መርጠው ሲያሸቱት ፊታቸው ፈካ። በአገጫቸው ወደ ጓዳው መጋረጃ እያመለከቱ፣ "ጓዳ ላለችው ጋጋሪ፣ እጅሽ ይባረክ በይልኝ!" አሉ።

"እነግራታለሁ" አለች፣ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደብቃ።

አሮጊቷ ሲወጡ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ባዶው ጓዳ ገባች። ጓንቷን አወለቀችና ሊጡን ማቡካት ጀመረች።